ሰንሰለት ማሰርን በረዶ ላይ አትማሩት

ዴንቨር መጥታችሁ ትራክ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስትወጡ አይዘንሃወር ዋሻ ጋ ከፍታው 3,400 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አይገርመውም። ከነጭነቱ 36 ቶን የሚመዝን መኪና ይዞ በረዶ የለበሰ ዳገት መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በኮሎራዶ ሕግ በዚሁ መንገድ ከሞሪሰን ከተማ ወደ ምዕራብ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት፣ ማለትም በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰረውን፣ ሳትይዙ ማለፍ አይቻልም፣ ፀሐይ ቢሆንም። እሰሩ ተብሎ ሳያስሩ መሄድ ከ500 ዶላር በላይ ያስቀጣል፤ በዚያ ላይ መንገድ ከዘጋችሁ ከ1,000 ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጣቱ አይደለም።

የመጀመሪያ ቀኔ ማታ ነበር፣ ቬይል ፓስ የሚባለው የአይ-70 ዳገት ሥር። ከዚያ በፊት ሰንሰለት በእጄ ነክቼ አላውቅም። ጓንቴ የሹራብ ነበር፤ ወዲያው ረጠበና ጣቶቼ ደነዘዙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታግዬ አንዱን ጎማ አለበስኩ ስል፣ ካሙ፣ ማለትም በቁልፍ እየዞረ ሰንሰለቱን የሚወጥረው ነገር፣ ወደ ውስጥ ዞሮ አገኘሁት። እጅ አይደርስበትም። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ከኋላዬ የቆመ አባቴ የሚሆን አበሻ ሾፌር ወርዶ መጣና፣ "ተው ልጄ፣ ፍታው። መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርጋው" አለኝ።

ያሳየኝን እነሆ። ሰንሰለቱን ዘርግታችሁ የተጣመመውን ሁሉ አቃኑ። የመንጠቆዎቹ ጫፍ ጎማውን እንዳይቆርጥ ወደ ውጭ ይዙር፤ ካሞቹም እንደዚያው። ከላይ ጎማው ላይ ጣሉትና መጀመሪያ የውስጡን መንጠቆ አያይዙ፣ ከዚያ የውጩን፣ በመጨረሻ ካሙን አጥብቁና ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘውን ላስቲክ አልብሱት። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ፤ መላላቱ አይቀርም። ይቺን ቸል ያለ ሰው ሰንሰለቱ ተበጥሶ የፍሬኑን የአየር ቱቦ ይመታበታል። በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አትንዱ። ደረቅ አስፋልት ስታገኙ ደግሞ ቶሎ ፍቱት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን በኦገስት ጓሮ ውስጥ ተለማመዱት። ውሃ የማያስገባ ጓንት አድርጋችሁ፣ መብራቱን ግንባራችሁ ላይ አስራችሁ፣ ማታ። እኔ አሁን አራቱን ጎማ በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ፣ ዳገቱ ሥር ሳይሆን ከዳገቱ በፊት ባለው የሰንሰለት ማሰሪያ ቦታ ቆሜ።