ለጉዞ የሚሆን ትንሽ ካሜራ ፍለጋ፦ ከጎንደር እስካሁን የደረስኩበት

ካሜራ ልገዛ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ሶኒ ነው ካኖን?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም። እኔን ግን የጠቀመኝ ከወዲያኛው ጫፍ መጀመሬ ነው። መጀመሪያ የመረጥኩት ሌንሱን ነው፤ ካሜራው የመጣው ሌንሱን ተከትሎ ነው። ለጉዞ የሚሆን ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ለምትፈልጉ፣ በተለይ ጎንደርንና ዙሪያዋን ለምታነሱ፣ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ስለማመድበት የቆየሁት የጓደኛዬ ካኖን 700ዲ ነው፣ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር የሚባለው ዓይነት፤ አብሮት ከሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ኪት ሌንስ ጋር ያውሰኛል (ሚሊሜትሩ ሲያንስ ሰፊ ያሳያል፣ ሲጨምር ያቀርባል)። ጎበዝ ካሜራ ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። ችግሩ መጠኑ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ሰዉ ወይ ልብሱን ያስተካክላል ወይ ፊቱን ያዞራል። የምፈልገው ፎቶ እዚያው ላይ ያበቃል።

«ትንሽ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ቁጥር አወዳደርኩ። 700ዲ ከነባትሪው 580 ግራም ነው፣ ኪት ሌንሱ 205። ድምሩ 785። በሌላ በኩል ሶኒ ኤ6400 ከነባትሪውና ከነካርዱ 403 ግራም ነው፤ ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ሌንስ ሲጨመርበት ወደ 690 ይጠጋል። ልዩነቱ መቶ ግራም እንኳ አይሞላም! ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ወጪ? ያሰኛል።

ግን ሁለቱ ሌንሶች እኩያ አይደሉም። ኪቱ እስከ 55 ሲዘረጋ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ኤፍ 5.6 ላይ ይወርዳል (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ሲግማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ነው። በ5.6ና በ2.8 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አራት እጥፍ ነው። ለዲኤስኤልአሩ ይህን ያህል ብርሃን የሚያስገባ ዙም ከተፈለገ ካኖን 17-55 ኤፍ 2.8 አለ፤ እሱ ብቻውን 645 ግራም ይመዝናል። ከ700ዲ ጋር ሲሆን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ያልፋል። የሚረርለስ ትርፉ የሚታየው እንዲህ ብርሃንን ከብርሃን ጋር ስታወዳድሩ ነው።

ምክንያቱም ቀላል ነው። መስታወቱ ወጥቷል። በካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) 44 ሚሊሜትር አለ፤ መስታወቱ የሚነሳውና የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። በሶኒ ኢ መግጠሚያ ላይ ይኸው ርቀት 18 ሚሊሜትር ነው። ካሜራው የሳሳው፣ ሰፊ ሌንሶችም ያነሱት ለዚህ ነው።

ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ሶኒ ኤ7ሲ 509 ግራም ብቻ ነው፣ ያጓጓል። ግን ሴንሰሩ ትልቅ ሲሆን ሌንሱም አብሮ ያድጋል። ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ሲግማ 28-70 ኤፍ 2.8 ራሱ 470 ግራም ነው። ተደምሮ ወደ ኪሎው ተመለስን። ዋጋውን ደግሞ ተዉት።

ቀጥሎ ያደረግኩት እስካሁን ካደረግሁት ሁሉ የረባ ይመስለኛል፣ ምንም ወጪ የለውም። የድሮ ፎቶዎቼን ከፍቼ በስንት ሚሊሜትር እንዳነሳኋቸው አየሁ። እያንዳንዱ ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ ይህን ይዞ ይቀመጣል፣ የስልክ ፎቶ እንኳ። ሁለት ቦታ ላይ ተከማችተው አገኘኋቸው። አንዱ ክምር 18 ላይ ነው፦ ግንብ፣ ሰማይ፣ ፒያሳ። ሌላው ከ35 እስከ 55 ነው፦ የሰው ፊት፣ እጅ፣ የሸክላ ሥራ። ቢኖረኝ እያልኩ የምመኘው 200 ሚሊሜትር የሚያስፈልገው ፎቶ ጥቂት ነው። ሂሳቡን አትርሱ፤ ወደ ፉል ፍሬም ለመቀየር በሶኒ፣ በፉጂና በኒኮን ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም የሚያንስ) ካሜራዎች ላይ በ1.5 ታባዛላችሁ፣ በካኖን በ1.6። ስለዚህ 18-50 ማለት በፉል ፍሬም ቋንቋ 27-75 ነው። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ24 እስከ 26 አካባቢ ስለሆነ ሰፊው ጫፍ ዓይናችሁ የለመደው ነው።

ለፋሲል ግቢ 18 ይበቃል ወይ? ከውጭ ይበቃል። የአፄ ፋሲልን ግንብ ከነአራቱ ክብ ማማዎቹ ለማስገባት ወደኋላ የሚኬድበት ሰፊ ሣር አለ። ክፍሎቹ ውስጥ ግን ይጠባል፤ ግድግዳ እስኪገፋችሁ ትሸሻላችሁ። እኔ ክፍል ውስጥ ብዙም ስለማላነሳ ተውኩት። ሕንጻ ውስጥ ማንሳት ለሚወድ ሰው 10-18 ዓይነት ሌንስ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጨለማው። ምርጫዬን የወሰነልኝ እዚሁ ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ላይ የመላእክቱ ፊት፣ ግድግዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ ሥዕል፤ ውስጡ ግን ደብዛዛ ነው። ፍላሽ አይፈቀድም፤ ደግም አደረጉ፣ ያን ያህል ዘመን የቆየ ቀለም ላይ ማን ፍላሽ ያበራል? በር ላይ ያሉትን አባት «አባቴ፣ ያለ ፍላሽ ላንሳ?» ብላቸው «ያለ ፍላሽ ከሆነ አንሳ ልጄ» አሉኝ። እንግዲህ ያለችውን ብርሃን መጠቀም ነው። አይኤስኦ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፤ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል። በኤፍ 2.8፣ በ1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200 ላይ የሚመጣው ፎቶ በኤፍ 5.6 ሲሆን አይኤስኦ 12800 ይጠይቃል። 3200 ላይ የመልአኩ ቅንድብ ይታያል። 12800 ላይ ቅንድቡም ጥርጣሬ ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒ ሐሳብ አለ፣ እኔም ሳልተኛ ያሰብኩበት። ጣሪያው አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ነገር ለማንሳት ሰፊ አፐርቸር የግድ አይደለም፤ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ካሜራ ይበቃል። ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 3 ሴንሰሩን ራሱን እያንቀሳቀሰ ያረጋጋል፤ ክብደቱ 410 ግራም፣ ከተጣጣፊው 14-42 ሌንስ ጋር ወደ 500 ግራም ነው። ፉጂ ኤክስ-ኤስ10ም ያረጋጋል። ኤ6400 ግን አያረጋጋም፣ ሲግማውም አያረጋጋም። ሥዕል ብቻ የማነሳ ብሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ኦሊምፐሱን እገዛ ነበር።

ግን ከሥዕሉ ሥር ሰው አለ። ካህን መቋሚያ ያነሳል፣ ዲያቆን ይራመዳል፣ ልጅ ዞር ይላል። ማረጋጊያ የእኔን እጅ እንጂ የእሱን እርምጃ አያስቆምም። ለእሱ ፈጣን ሹተር (ለአጭር ቅጽበት ብቻ ብርሃን የሚያስገባ) ያስፈልጋል፣ ፈጣን ሹተር ደግሞ ብርሃን ይበላል። ስለዚህ አፐርቸሩ አሸነፈ። ለጣሪያው ምሰሶ እደገፋለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ አከታትዬ አነሳለሁ። አንዷ ጥርት ብላ ትወጣለች።

ፕራይም ሌንስስ፣ ዙም የሌለው? የፉጂ 27 ኤፍ 2.8 84 ግራም ብቻ ነው፤ ካሜራው ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። ውበቱ ያሳብዳል። ግን አንድ ፕራይም ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁለተኛውን ማምጣቱ አይቀርም፣ ከዚያ መቀያየር ይመጣል። የሚረርለስ ሴንሰር ሌንሱ ሲነሳ ፊት ለፊት ተጋልጦ ነው የሚቀመጠው። የጎንደርን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው መንገድ ዳር፣ ባጃጅ እያለፈ፣ ሌንስ አይፈታም። ለእኔ አንድ ዙም ተገጥሞ ይቅር።

ጥምቀት ላይ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር አለ። ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ አካባቢ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፣ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ በጣም ብሩህ ነው ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው ይተርፋል፣ ፊቱ ይጠፋል። በዲኤስኤልአሩ መስኮት ስታዩ ይህን አታውቁም፣ ካነሳችሁ በኋላ ነው የምታዩት። የሚረርለሱ ቪውፋይንደር (ዓይን የሚደረግበት መስኮት) ግን የሚወጣውን ፎቶ ቀድሞ ያሳያል። ፊቱ ከጠቆረ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን ወደ ፕላስ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሳላነሳ ይታየኛል። ዓይን ተከትሎ ፎከስ ማድረጉም ግፊያ ውስጥ ያድናል። ውኃው መረጨት ሲጀምር ግን ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ክተቱት። የእኔው ውኃ የማይፈራ ካሜራ አይደለም።

ድምፅ አልባው ሹተር ቅዳሴ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ነገር ብቻ እወቁለት። በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ያጣምማል፣ በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መብራቶች ሥር ደግሞ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣል። ከበሮው ሲመታማ ማን ይሰማችኋል፣ ወደ ተራው ሹተር መልሱት።

አሁን ግዢው። አዲስ ለመግዛት አቅሙ አልነበረም። ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የካሜራ ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለሚቀየር ቁጥር አልጠራም። ያገለገለ ነው የፈለግሁት። ሱቅ ለሱቅ ስዞር በብዛት ያየሁት ካኖንና ሶኒ ነው። ኦሊምፐስ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛ ሌንስ ፍለጋው ያደክማል ብዬ ፈራሁ። ይህም ለሶኒ ድምፅ ሰጠ።

ያገለገለ ሶኒ ስትገዙ መጀመሪያ ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ሶኒዎች ጃፓንኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ቋንቋ መቀየሪያ የላቸውም። አንዱ ሻጭ እንዲህ ዓይነቱን በጣም በረከሰ ዋጋ አቀረበልኝ። «ቋንቋውስ?» ስለው «ወንድሜ፣ ፎቶ ቋንቋ አለው እንዴ?» አለኝ። መልሱን ወድጄለታለሁ፣ ካሜራውን ግን ትቼለት ወጣሁ።

ከዚያ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱና አጉሉት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ አቧራው ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። ሌንሱን ግጠሙና ያዝ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ መላላት የለበትም። ዙሙን አዙሩ፣ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ ከተሰማችሁ ተዉት። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ሶኒ ሜኑው ላይ አያሳይም፤ ያልተነካካ አንድ ፎቶ በካርድ ወስዳችሁ ኮምፒውተር ላይ በሚያነብ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ሻጩ ፎቶ ላለመስጠት ካንገራገረ ምክንያቱን ጠይቁ።

ኤ6400ን ከሲግማው ጋር የያዝኩት እንዲህ ነው። ባትሪው ያሳስበኝ ነበር። በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ሙሌት 400 ፎቶ አካባቢ ነው፤ ከዲኤስኤልአር ለመጣ ሰው ያንሳል። ደግነቱ በዩኤስቢ ይሞላል፤ መብራት ቢጠፋም ፓወር ባንኩ አለ። ሁለተኛ ባትሪ መግዛት ግን አልቀረልኝም።

በጉዞ ብርሃን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ማታ ማታ ብርሃኑ የሚያምርበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ወዲያው ይጨልማል። ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ለማንሳት 11 ሰዓት ላይ ቦታ መያዝ ነው። ትንሽ ካሜራ ዳገቱ ላይ የሚመሰገነውም እዚህ ነው።

የቀረኝ የስሜን ጉዳይ ነው። ጭላዳ ሰው ስለለመደ በ50ም ቢሆን መንጋው ከነገደሉ ይነሳል። ዋልያ ግን ገደል ላይ ነው የሚቆመው፣ በ50 ነጥብ ሆኖ ነው የሚቀረው። ሁለት ሌንስ እያየሁ ነው። ሶኒ 55-210 345 ግራም ነው፣ ያገለገለም ይገኛል፤ ጫፉ ላይ ግን ትንሽ ለስለስ ይላል ይባላል። 70-350 ደግሞ ይደርሳል፣ ግን 625 ግራም ነው፤ ከካሜራው ራሱ ይከብዳል። ስሜን ውስጥ ጨነቅ ላይ ዋልያ በ210 ያነሳችሁ ካላችሁ ከምን ያህል ርቀት እንደነበር ንገሩኝ፤ ፎቶውን ሳትቆርጡ ብታሳዩኝ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመኛል።