የከረመ ቤንዚን
የዛሬውን ቅዳሜ ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኬ ነው። እዚህ ዴንቨር የበረዶውን ወራት ሙሉ ሸራ ለብሶ የከረመው የልጄ ባለ 110 ሲሲ አራት ጎማ ሞተር፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ቢያዞረውም አልነሳም አለ። ባትሪውን ብጠረጥርም ስለካው 12.6 ቮልት አሳየኝ። ስለዚህ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁና፣ የቤንዚን ሽታ እንዳይታመቅ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ልጄ እንዲያስነሳ ነገርኩት፤ ጥሩ ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠ። ጫፉ ግን ፍጹም ደረቅ ስለነበር ነዳጁ ከሲሊንደሩ እንደማይደርስ ገባኝ።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን የታችኛውን ክፍል ስከፍተው፣ የከረመው ቤንዚን ቢጫ ሙጫ መስሎ፣ መርፌ እንኳ በቅጡ የማታስገባውን የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ደፍኗታል። በማጽጃ ፈሳሽና በቀጭን የመዳብ ሽቦ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልኩ። (ባለፈው ጥቅምት ነዳጁን አንጠፍጥፌ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።)

ገጣጥሜና አዲስ ቤንዚን ሞልቼ ስሞክረው አሁንም እምቢ አለ። እኔ እንደገና ልፈታው መፍቻ ስፈልግ፣ ልጄ መሪው ላይ ያለችውን ቀይ የማጥፊያ ቁልፍ በጣቱ አሳየኝ። ካርቡራተሩን ልፈታ ስል ራሴው አጥፍቼ ረስቻት ኖሯል! እሱ መለሳት፤ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ።