ፈረሴ እኮ አንደኛ ወጥቷል

ፈረሴ አንደኛ ወጥቷል። ይሄን ማንም አይወስድብኝም። ችግሩ ላዩ ላይ ሰው አልነበረም።

የምሠራው እዚህ ሰሜን እንግሊዝ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ኤፕሪል ላይ ግራንድ ናሽናል የሚባለው፣ ፈረሶች አጥር እየዘለሉ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ሲደርስ ሁሉም ሁለት ሁለት ፓውንድ ያዋጣና ከኮፍያ ውስጥ የፈረስ ስም ያወጣል። ፈረሱ ያሸነፈለት ብሩን ጠቅልሎ ይሄዳል። ለኔ ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ወጣልኝ። ሲነሱ በቴሌቪዥን አየሁትና ሻይ ላድል ሄድኩ።

ስመለስ ቦቃው ከፊት ነው! ጆኪ፣ ማለትም ጋላቢ፣ እንደሌለው አላየሁም እንዳልላችሁ። አይቻለሁ። ቀለል ብሎት ነው ያልኩት።

እልልልልል! የእህቴ ሰርግ ላይ ያላወጣሁትን እልልታ አወጣሁ። አንድ አዛውንት የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። ከጎናቸው ያሉት ደግሞ የራሳቸውን ፈልገው አደረጉ። የላይኛው ፎቅ ነርስ ሰው የሞተ መስሏት የልብ ማስነሻውን ይዛ ወረደች። የጎረቤት ውሻ ተቀበለኝ። እኔ እስክስታ ላይ ነኝ።

የ91 ዓመቷ ሴትዮ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ሎቭ፣ ባዶ ፈረስ አይቆጠርም» አሉኝ።

«ጆኪውስ?»

«የመጀመሪያው አጥር ላይ ቀርቷል።»

በኛ አገር ቢሆን ይግባኝ እል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ጌታው በፈረሱ ከተጠራ፣ ፈረሱ ገባ ማለት ጌታው ገባ ማለት ነው። ይሄን አስረዳኋቸው። ብስኩት ሰጡኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የውድድሩን ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። በፈረንጆቹ 1839 ካፒቴን ቤቸር የሚባል ጋላቢ ከፈረሱ ወድቆ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ በላዩ እየዘለሉ ሲያልፉ እዚያው ተደብቆ ቆየ። አጥሩ ዛሬም በሱ ስም ቤቸርስ ብሩክ ይባላል። በ1956 የንግሥቲቱ እናት ፈረስ ዴቨን ሎክ እየመራ፣ ሊጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ በሆዱ ተነጠፈ። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ። በ1967 ደግሞ 23ኛው አጥር ላይ ፈረስ በፈረስ ላይ ሲደራረብ፣ ከኋላ ሲያዘግም የነበረው ፎይናቮን በጎን ሾልኮ አሸነፈ። የአወራራጆቹ ግምት 100 ለ1 ነበር፤ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው አልነበረም ማለት ነው። አሠልጣኙ እንኳ ያን ቀን ሌላ ውድድር ላይ ነበር።

አንጀቴን ያራሰኝ ግን 1993 ነው። የማስጀመሪያው ገመድ አንዱ ጆኪ አንገት ላይ ተጠመጠመና አጀማመሩ ተሰረዘ። ከ39ኙ 30ዎቹ አልሰሙም። ጋለቡ! ሰው መሀል ገብቶ «ቁሙ» ሲላቸው ተቃዋሚ ሰልፈኛ የመሰላቸው ነበሩ። ሰባቱ ያን ሁሉ አጥር ዘለው ጨረሱ። ኤሻ ነስ የሚባለው አንደኛ ገባ፤ ለምንም። ያውም ለነሱ ሥራቸው ነው፤ እኔ ሻይ ሳድል ነበርኩ።

ለተወራረደው ሕዝብ ግን ገንዘቡ ተመልሶለታል። የኔ ሁለት ፓውንድስ?

ከተነሳ አይቀር ልናገር። እዚህ ቤት ለሰው ሁሉ ልደት ሁለት ሁለት ፓውንድ ይዋጣል። ለኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላዋጣም። ወረቀቴ ላይ የተወለድኩት ጃንዋሪ 1 ነው፤ እንደ ግማሹ አበሻ። ያን ቀን ሰው ወይ እረፍት ላይ ነው ወይ ራሱን ያመዋል። ለካ የእሽቅድምድም ፈረሶቹም ልደት ጃንዋሪ 1 ነው! እናታቸው መቼም ትውለዳቸው፣ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያን ቀን አንድ ዓመት ይጨምራሉ። እነሱ ግን ካሮት የሚሰጣቸው አያጡም።

ሰኞ ስገባ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ እልል ያልኩበት ጥግ ግድግዳ ላይ፣ ስሜ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሉን ሳይሳሳቱ ጽፈውታል። ሴትዮዋ «እስቲ አንዴ ድገሚልን» አሉኝ። ነርሷ የልብ ማስነሻውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።