ነጩ ማርሽ አልተበላሸም ነበር

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ የአውቶ መካኒክ ሙያ በሚሰጥበት አንድ ማሠልጠኛ ነው። ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻልና ፍሪሲዮን አስተምራለሁ። አንድ የቀድሞ ሠልጣኛችን ከጀርመን ለእረፍት ሲመጣ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ሌጎ ቴክኒክ የሚባል የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ ይዞልን መጣ። ልጆቹ አድገው የተዉት ነው። አንደኛው ሻንጣ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተገጣጠመች የእሽቅድምድም መኪና አለች። ሌላኛው ውስጥ ያለው ዝብርቅርቅ ዕቃ ነው፤ ባለ ቀዳዳ በትሮች፣ የጥርሳቸው ብዛት የተለያየ ማርሾች፣ ዘንጎች፣ ፒኖች፣ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች።

ሁሉም መጀመሪያ የከበበው መኪናዋን ነው። በሯ ይከፈታል፣ መሪዋ ይዞራል፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል። አስተባባሪያችን ወዲያው "ይቺማ ለኤግዚቢሽን ትሆናለች" አለ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ዝብርቅርቁ ሻንጣ ላይ ነበር።

ወርክሾፓችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ አሉ። በድምፅ ብቻ የትኛው ኩሽኔታ እንደሄደ ይነግሩሃል። እሳቸው ሁለቱንም ሻንጣ አልወደዱም። "ልጄ፣ እኛ ጋ የሚማረው ልጅ ነገ አይሱዙ ሥር ነው የሚተኛው። ከፕላስቲክ ምን ይማራል?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ አክብሬ ነው የያዝኩት። ስለ መጫወቻ እውነተኛነት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው መልኩን ነው። መብራቱ ይመስላል? ጎማው ይመስላል? ለማስተማሪያ ግን መልክ ብዙም አይረዳም። እኔ የማየው እንደ እውነተኛው ማሽን ያስቸግራል ወይ የሚለውን ነው። እውነተኛ ማሽን ላይ የማይሆን ነገር እዚህም እምቢ ካለ፣ ከዚያ ዕቃ መማር ይቻላል።

ካምቢዮ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚከብድ አንድ ቦታ አለ። ሁለት ትይዩ ዘንጎች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንዴ ተቆርጧል፤ አይለወጥም። ስለዚህ አንደኛ ማርሽም ይሁን ሦስተኛ፣ የሚነካከሱት ሁለቱ ጥርሳሞች አንድ ላይ ሆነው ያንን ርቀት መሙላት አለባቸው። አንዱ ከተለቀ ሌላው ማነስ አለበት። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ፈተና ላይ ሲመጣ ግን ወፍ የለም።

ሌጎ ቴክኒክ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ቀጣዩ ቀዳዳ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሾቹ ሞጁል ደግሞ 1 ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ ባለ 24 ጥርሱ ማርሽ የሥራ ዲያሜትሩ 24 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 8 ጥርሱ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን ቀድሜ አልነገርኳቸውም። በትር፣ ዘንግና ማርሽ አደልኩና "ሁለት ማርሽ አገናኙ፣ ፍጥነት ቀንሱ" ብቻ አልኳቸው።

አንዷ ሠልጣኝ ባለ 16 እና ባለ 24 ጥርሱን መርጣ ታገለች። በሁለት ቀዳዳ ርቀት ስታስቀምጣቸው ይጨናነቃሉ፤ አይገቡም። በሦስት ስታደርጋቸው ጥርሶቹ አይደራረሱም። "ቲቸር፣ እምቢ አለኝ" አለች። "ለምን እምቢ እንዳለሽ ፈልጊ" አልኳት። ቁጭ ብላ ጥርስ ቆጠረች። 16 እና 24 ሲደመር 40፣ ግማሹ 20 ሚሊ ሜትር። ለ8 ስታካፍለው ሁለት ቀዳዳ ተኩል መጣ። "ሁለት ተኩል ቀዳዳ የለማ!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ማንም ሳይነግራት የሚገጥሙትን መፈለግ ጀመረች። 8 ከ24 ጋር ገጠመ። 16 ከ16 ጋር ገጠመ። 12 ከ20 ጋር ገጠመ። ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። ሁሉም ድምራቸው 32 ነው፤ ግማሹ 16 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ሁለት ቀዳዳ። አንዱ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ይቀንሳል፣ አንዱ እንዳለ ያሳልፋል፣ ሦስተኛው በመካከል ነው። በሁለት ዘንግ ላይ የቆመ ባለ ሦስት ፍጥነት ካምቢዮ ማለት ነው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የጥርሱን ቁጥር የወሰነው ሰው ቀዳዳውን አብሮ አስቦ ነው የወሰነው።

ሐሳቡ ከሌጎም በፊት የነበረ ነው። ፍራንክ ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1901 ፓተንት ያወጣበት፣ በኋላ ሜካኖ የተባለው የብረት መገጣጠሚያ፣ ቀዳዳዎቹ በግማሽ ኢንች ርቀት ላይ ናቸው። ከናስ ከሚሠሩት ማርሾቹ ባለ 57 ጥርሱና ባለ 19 ጥርሱ ሲገናኙ ርቀታቸው አንድ ኢንች ይሆናል፣ ሁለት ቀዳዳ። 95 እና 19 ሲገናኙ አንድ ኢንች ተኩል፣ ሦስት ቀዳዳ። የመጀመሪያው አንድ ለሦስት፣ ሁለተኛው አንድ ለአምስት ይቀንሳል። ያን ዘመን ሳስብ በጣም ይገርመኛል። ለልጅ ጨዋታ ብሎ እንዲህ ያለ ስሌት መሥራት ልጅን ማክበር ነው።

አሁን ወደ ገጠመኙ ልምጣ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊጎበኙን የመጡ ቀን ነው። አንድ ቡድን በሞተር የሚሠራ ፎርክሊፍት ሠርቶ ነበር። ሞተሩ በማርሽ ተቀንሶ፣ መጨረሻ ላይ ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ በትር ወደ ላይ ይገፋል፤ ሹካው ይነሣል። በመሃል ላይ ባለ 24 ጥርስ ነጭ ማርሽ አለ። ጠዋት ሲሞክሩት ሹካው ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ከቡድኑ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ይህን አየ። ጣቱን እያስቀመጠ ተከታትሎ የሚንሸራተተው የቱ ጋ እንደሆነ አገኘ። የነጩ ማርሽ ጥርስ ቆሟል፣ መሃሉ ለብቻው ይዞራል። "ይሄ ውስጡ ተበልቷል" ብሎ ፈታው። ሻንጣው ውስጥ ግራጫ ባለ 24 ጥርስ ማርሽ አገኘ። መጠኑም ጥርሱም አንድ ነው። ቀየረው። ለእኔ አልነገረኝም፤ የሚነገር ጉዳይ መስሎም አልታየው።

እንግዶቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። ሹካው ላይ ቡሎንና ዳዶ የሞላች ትንሽ ቆርቆሮ ተቀመጠች። ልጁ ማብሪያውን ተጫነ። ሹካው ቀጥ ብሎ ተነሣ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ጫፍ ደረሰ። ሞተሩ አላቆመም። ዘንጉ መጠምዘዝ ጀመረ። እነዚህ ዘንጎች ጫፋቸውን ስታየው የመስቀል ቅርጽ ነው ያላቸው፤ ቀጥ ብለው የሚሄዱት አራት ጠርዞች ዓይናችን እያየ ተጠማዘዙ። ቀጥሎ "ቀጭ" የሚል ድምፅ መጣ። የበትሩ ጥርስ ተገሸለጠ፣ ሹካው ተለቀቀ፣ ቡሎኑና ዳዶው ወለሉ ላይ ተበተነ።

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። አንድም ሰው አልተናገረም።

እዚያው ከሻንጣው ነጩን ማርሽ አውጥቼ ሰጠሁት። "ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ" አልኩት። ጽሑፉ ደቃቃ ነው፤ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። 2.5 እና 5 የሚሉ ቁጥሮች፣ ከዚያ የኒውተን ሴንቲሜትር ምልክት። ይህ ማርሽ ከ2.5 እስከ 5 ኒውተን ሴንቲሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ሲያርፍበት መንሸራተት አለበት ማለት ነው። የላይኛው ቁጥር ከዘንጉ መሃል አንድ ሴንቲ ሜትር ርቆ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲንጠለጠል የሚፈጠረው ኃይል ነው። ከዚያ በላይ ከመጣ ጥርሱ ይቆማል፣ መሃሉ ይዞራል፣ ሌላው ዕቃ ይተርፋል። ጠዋት ያየው መንሸራተት የማርሹ ሥራ ነበር።

ልጁን አልተቆጣሁትም። አስተሳሰቡን ደረጃ በደረጃ ብታየው የጥሩ መካኒክ አስተሳሰብ ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ጭነቱ አይንቀሳቀስም፤ በመሃል የሚንሸራተት ነገር አለ፤ ቦታውን አገኘ፤ በተመሳሳይ መጠን ተካ። ፍሪሲዮኑ የተበላ መኪና ላይ ቢሆን ትክክል ነበር። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት። መጠናቸውም ጥርሳቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ማርሾች ለምን ተሠሩ? ዕቃ የሚሠራ ሰው ያለምክንያት ሁለት ዓይነት አያመርትም። ያቺን ጥያቄ ሳይጠይቁ መተካት ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ እንደማሰር ነው።

ያን ጊዜ ጋሼ ከኋላ መጡ። ነጩን ማርሽ ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ መሃሉን አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት። ከዚያ በእርሻ ትራክተር ጋራዥ ሲሠሩ የገጠማቸውን ለልጁ ነገሩት። "ከትራክተሩ ኃይል ወስዶ ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግ ላይ አንድ ቡሎን አለ። ማሽኑ ድንጋይ ሲነክስ ያ ቡሎን ይሰበራል። እንዲሰበር ነው የተሠራው። አንዱ ባለ ትራክተር 'ቡሎኑ እየተሰበረ አስቸገረኝ' ብሎ ጠንካራ ብረት አስገባበት። እውነትም ቡሎኑ መሰበር አቆመ። ካምቢዮው ተሰበረ።" ማርሹን ለልጁ መለሱለት። "ይሄን የሠራ ሰው ጋራዥ ያውቃል" አሉ። ለእኔ ከእንግዶቹ ጭብጨባ ይልቅ ይህች ቃል ትበልጥብኛለች።

ከእንግዶቹ አንዱ ግን አልረካም። "ለመሆኑ መጫወቻ ለአዋቂ ማሠልጠኛ በጀት ይያዝለታል?" ብሎ ጠየቀ። የማውቀውን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1934 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳግላስ ሃርትሪና አርተር ፖርተር ከባድ የሒሳብ እኩልታ የሚፈታ ማሽን አብዛኛውን በሜካኖ ዕቃ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ላይ ቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪችተርሌ ለስላሳውን የዓይን ሌንስ እያሽከረከረ የሚቀርጽ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ መርኩር በሚባል ሜካኖን የሚመስል መገጣጠሚያና በብስክሌት ዲናሞ ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ሌላ አይደለም። ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ሳይወላገድ እንዲዞር፣ ጥርሱ እኩል እንዲነክስ፣ የተፈታው ነገር ነገ ሌላ ቦታ እንዲገጥም ነው። እንግዳው ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

የእሽቅድምድም መኪናዋን በኋላ ፈታናት። ሽፋኗ ሲነሣ ከውስጥ ፒስተኖች ወጡ። መኪናዋን ስትገፋት ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጋሼ አጎንብሰው አዩና "ተገልብጧል! እዚህ ሞተሩ ጎማውን አያዞርም፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው" አሉ። እንደ ጉድለት ነው ያነሡት፤ ልክም ናቸው። አባቱ የጭነት መኪና የሚያሽከረክር አንድ ሠልጣኝ ግን "ጋሼ፣ ዓባይ በረሃ ሲወረድ እኮ እንደዚህ ነው" አላቸው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ልምድ ያለው ሾፌር ፍሬን ብቻ አያምንም። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነው የሚወርደው። ያን ጊዜ በእርግጥም ጎማው ነው በካርዳኑ፣ ማለትም ካምቢዮውን ከኋላ ጎማዎች ጋር በሚያገናኘው ረጅም ዘንግ፣ እና በካምቢዮው በኩል ሞተሩን የሚያዞረው፤ ፒስተኖቹ ለመንቀሳቀስ የሚወስዱት ጉልበት መኪናውን ይይዘዋል። መጫወቻው አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል። መያዙን ግን አያሳይም፤ ፒስተኖቹ የሚያምቁት አየር ስለሌለ በቀላሉ ይዞራሉ። ይህንን ልዩነት ራሳቸው ሠልጣኞቹ ናቸው ያወጡት።

ካምቢዮዋም እንዲሁ ግማሽ መንገድ ትወስድሃለች። ማርሾቹ ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው፤ ዘንጉ ላይ ግን ልቅ ሆነው ይዞራሉ። ማርሽ ስታስገባ የምትንቀሳቀሰው በመሃል ያለችው ቀለበት ናት፤ ጥርሷን ከማርሹ ጎን ሰክታ ከዘንጉ ጋር ታስረዋለች። የዛሬ መኪኖች የእጅ ካምቢዮም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማርሹ ራሱ እየተንሸራተተ ሄዶ ሌላውን የሚነክስ ለሚመስላቸው ሠልጣኞች ይህን በእጃቸው መንካታቸው ትልቅ ነገር ነው። የሌለው ሲንክሮ ነው። ሁለቱን ፍጥነት ከማገናኘቱ በፊት የሚያመሳስል ነገር ስለሌለ፣ እየዞረ ስታስገባው ይንጫጫል።

በሚቀጥለው ዙር ፕላስቲኩንና የተከፈተ የአይሱዙ ካምቢዮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ልናስቀምጥ ተስማምተናል። የቀረን የተበላና አዲስ የሲንክሮ ቀለበት ማግኘት ነበር፣ ሠልጣኞቹ ሁለቱን በጥፍራቸው እየዳሰሱ እንዲያወዳድሩ። ጋሼ "እሱን ለእኔ ተወው፣ ቤት አለኝ" ብለዋል።