ታና ዳር በተወጠረ ሸራ

ከድምፅ ባለሙያ ጋር ፊልም ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለቤቴ ለማስታወቂያና ለዘጋቢ ፊልም ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ነው። እኔ ተዋናይዋን ያስለቀሳትን ነገር ይዤ ስተክዝ፣ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይኼን ስቱዲዮ ገብተው ነው የደገሙት» ይለኛል። ያም ሆኖ ባሕር ዳር ላይ የፊልም ፌስቲቫል እንዳለ ስንሰማ «እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥራው ትንሽ ይረፍ ብዬ!

መንገዱን አላረዝመውም። ሳይነጋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ወጣን፣ አባይ በረሃን ቁልቁል ወርደን ሽቅብ ወጣን፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘንባባ በተሰለፈበት ጎዳና ላይ ባጃጅ እንጠራ ነበር። ሲመሽ ውጭ መቆየት የማያሳስብበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይኼም ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

የመክፈቻው ምሽት አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ምስጋና፣ ደግሞ ንግግር። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣ ረጅም ፊልም ታየ። ከውጭ ሀገር የተመለሰች ልጅና አንድ ዓሣ አጥማጅ ይዋደዳሉ። ሐይቁ በድሮን ከላይ ይታያል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ደግሞ ድሮን። አጥማጁ አፉን ከፍቶ «ጎጃምኛ» መናገር ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ኧረ ወንድሜ፣ ለመሆኑ አንተ የየት ሀገር ሰው ነህ?» ብሎ ጮኸ። የባሕር ዳር ተመልካች ዝም ብሎ አያይም፤ ያጨበጭባል፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል። ለተዋናዩ አዘንኩለት። ፊልሙን ግን ወድጄዋለሁ፤ ልጅቷ እናቷን ደጅ ላይ ስታገኝ አልቅሻለሁ። ባለቤቴ ሲወጣ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንድም ጊዜ ውሃ ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም።»

በማግስቱ ማታ አጫጭር ፊልሞች የታዩት ሐይቁ ዳር ነው። ሁለት ዛፎች መሃል ነጭ ሸራ ተወጥሯል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ልጆች መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ባጃጃቸውን ጥግ አቁመው የመጡ ሾፌሮች አሉ፤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት በመደዳው መሃል ትመላለሳለች። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ የሐይቁ ትንኝ ሁሉ ተሰብስቧል። ከእኛ ራቅ ብለው ጋቢ የደረቡ አንድ ቄስ ጭራቸውን እያወናጨፉ ይመለከታሉ። ድሮ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ትዝ አለኝና ለባለቤቴ ሹክ አልኩት።

«ዝም በይ፣ ውሃው ይሰማኛል» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሸራው ላይ የነበረው በታና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ የሆነ አንድ ታንኳ ሠሪ ነው። ሙዚቃ የለም፣ ተራኪ የለም። ማጭዱ ደንገሉን፣ ያን ታንኳ የሚታሰርበትን የውሃ ዳር ተክል፣ ሲቆርጥ፣ ነዶው መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ገመዱ ሲጠብቅ፣ የሰውዬው ትንፋሽ። ደንገል ውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ግን ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳው ሥራው ሲያልቅ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል። ሰውዬው ይኼን ሁሉ በቃል አልተናገረም፤ እጁን አይተን ነው የተረዳነው። እምቦጭም አለበት። ያ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ታናን ያስጨነቀው አረም ታንኳውን ይዞ አላሳልፍ ሲለው፣ ሰውዬው በመቅዘፊያው እየገፋ ሲሳደብ ከፊት ያሉት ልጆች ተንከተከቱ።

ፊልሙ ሲያልቅ አዘጋጇ ወጣች፤ ገና ልጅ ናት። ጥያቄ ሲጋበዝ መጀመሪያ የተነሡት አንድ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ደግ ሠርታችኋል። ግን ያ ደንገል አልደረቀም። እርጥቡን ነው ያሳሰራችሁት።»

ልጅቷ ሳቀች። «አዎ አባባ፣ ካሜራውን የተከራየነው ለሁለት ቀን ነው። እስኪደርቅ ብንጠብቅ ኪራዩ ያልቅብናል።»

«እና ታንኳው?»

«ቶሎ ነው የከበደው፤ ታንኳ ሠሪውም ነግረውን ነበር።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ለእሷ ይሁን ለሽማግሌው አላወቅሁም። እኔ ብዙ ፌስቲቫል ያየሁ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ፊልም ከዚህ የተሻለ ዳኛ ያገኛል ብዬ አላስብም። ባለቤቴ ደግሞ «ድምፁ ጆሮዬን ከብዶት ነበር፤ ደረቅ ቢሆን ይንኮሻኮሽ ነበር» ይላል። «ደግሞ ደንገልም አወቅህ!» አልኩት።

ውይይቱ ታና በፊልም ለምን እምብዛም አይታይም ወደሚለው ሄደ። የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ተነሣ፤ ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለሰው ምሁር ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካውን የፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። አንድ ወጣት ካሜራ የሚያከራይ ማጣቱን ሲናገር፣ ሌላው ካሜራ ይዞ የሚያሳይበት አዳራሽ ማጣቱን ተናገረ። ይኼኔ መብራት ጠፋ። ጄነሬተር ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የታዩትን ፊልሞች በሙሉ ከጄነሬተሩ ጋር ነው የሰማናቸው። የባለቤቴን ፊት ብታዩት!

ማታውን ዓሣ ጥብስ አዝዘን ተከራከርን። እሱ «ፊልም ማለት የታንኳው ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ያን ሰውዬ ቤቱ ማን እንደሚጠብቀው፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ሳላውቅ በመውጣቴ ቅር እንዳለኝ ነገርኩት። የመጀመሪያው ፊልም ሐይቁን ፖስት ካርድ አድርጎታል፣ እሺ፤ ልጅቷን ግን ሰው አድርጓታል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው ይምጣ ብዬ ዓሣዬን በላሁ። አልተስማማንም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

የሽልማቱን ምሽት ትተን ጠዋት ወደ ዘጌ በጀልባ ወጣን፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ነው። ዳርቻው እየራቀ ሲሄድ ባለቤቴ ቦርሳውን ከፍቶ መቅረጫና ማይክ አወጣ። ይረፍ ያልኩት ሰው!

«ወንድሜ፣ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ ብታጠፋልኝ?» አለው ባለጀልባውን።

«ለምን?»

«የሐይቁን ድምፅ ልቀርጽ።»

ባለጀልባው ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

«ላጥፋልህ» አለ፤ «ሲነሣ ግን ገመዱን የምትስበው አንተ ነህ።»