የናሙና ቀመሩስ ደህና ነው፤ ዝርዝሩ የታለ?

የማስተርስ ጽሑፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚበቃ የሚያሰላው የያማኔ ቀመር አይጠፋም። 1,200 አባወራ ካለና የስሕተት ወሰኑ 0.05 ከሆነ፣ 1,200ን ለ4 (1+1,200×0.05²) አካፍሎ 300 ማውጣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጎበዝ ፈታኝ ግን ማካፈሉን ትቶ 1,200ው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ነው።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የወረዳ መዝገብ ከዚያ ይሻላል፤ ቢሆንም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ዳር ሄዷል። በአሮጌ ዝርዝር ዕጣ ያወጣ ተማሪ መረጃ ሰብሳቢዎቹን ባዶ ሜዳ ላይ ያቆማቸዋል። እነሱም «ካልሆነ ጎረቤቱን» ብለው ያገኙትን ሰው ይሞላሉ፤ ናሙናው በዕጣ መሆኑ በዚያች ቅጽበት አበቃ። የዕድር መዝገብም ቀላል ይመስላል፣ ግን ተከራይና ወጣቱ እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም።

የሚያዋጣው አስቀድሞ መንደር መምረጥ፣ ከዚያ የተመረጠውን መንደር በእግር ዞሮ ራስ መዝግቦ መምጣት ነው። በእርሳስ ንድፍ ይነሣል፣ በር በበር ይቆጠራል፣ በየበሩ ስንት «ከአንድ ድስት የሚበላ» ቤተሰብ እንዳለ ይጠየቃል። «ቤተሰብ» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ገጠር ያለች እናት ትቆጠራለች፣ ጓዳ የምታድር ሠራተኛ ትረሳለች።

በር መቁጠር ራሱ ወጥመድ አለው። በድሮዎቹ የቀበሌ ቤቶች አንድ የግቢ በር ስምንት ቤተሰብ ይዞ ይገኛል። በሩን በዕጣ መርጦ ከውስጡ አንድ ቤተሰብ ብቻ መጠየቅ ማለት፣ የዚያ ግቢ ሰው የመመረጥ ዕድል ለብቻው ግቢ ካለው ሰው አንድ ስምንተኛ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ስምንቱንም ለየብቻ መዝግቦ ዕጣ ማውጣት፣ ወይ ትንተናው ላይ መልሱን በ8 ማመዘን። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ድሃው ቁጥሩ ያንስና የአካባቢው ገቢ ከፍ ብሎ ይታያል።

ሁለት የሒሳብ ነገሮች በአጭሩ። 10 በመቶው መልስ ላይሰጥ ይችላል ተብሎ ሲገመት 300 ላይ 30 መጨመር አይበቃም፤ 300ን ለ0.9 ማካፈል ነው፣ 334 ይሆናል። ሌላው፣ ቀመሩ የተሠራው ለተራ ዕጣ ነው። በየመንደሩ 20፣ 20 ሰው ከተጠየቀ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ፣ መመሳሰሉ ከ0 እስከ 1 ሲለካ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ 1+(19×0.05) ማለትም 1.95 እጥፍ ናሙና ያስፈልጋል። 300ው 585 ሆነ ማለት ነው! አቅም ከሌለ ጥያቄውን ማጥበብ ይሻላል፤ ቀመሩን ጠቅሶ ይህን መዝለል ግን በዲፌንስ ቀን ያስጠይቃል።

መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሥራ አለዎት?» ሲባሉ ጉሊት የሚቸረችሩ ሴት «የለኝም» ይላሉ። «ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ ለ1 ሰዓት ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል?» ቢባሉ መልሱ ይለወጣል። «ይቆጥባሉ?» ባንክን ብቻ ያስታውሳል፤ ዕቁብ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። «ባለፈው ዓመት» በጥቅምት ሲጠየቅ አንዱ ጳጉሜን ላይ ያበቃውን፣ ሌላው ያለፉትን 12 ወራት ይመልሳል። በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል ሲባል ደግሞ «ተመስገን» የሚል መልስ ይመጣል። «ተመስገን» ከ1 እስከ 5 የትም ሊያርፍ ይችላል፤ ሰብሳቢው በራሱ ግምት 4ን እንዳያከብ፣ አማራጮቹን ደግሞ አንብቦ መላሹ ራሱ እንዲመርጥ አስቀድሞ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

አረፍተ ነገሩ ሁሉ በ«እርስዎ» ይጻፍ፤ አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ የወንድና የሴት ግሥ ከመለየትም ይገላግላል። አፍራሽ ጥያቄ አይብዛ። «አገልግሎቱ አይጓተትም» ለሚለው «አልስማማም» ያለ ሰው ምን እንዳለ ለራሱም አይገባውም። አንድ ሁለቱ የግድ ከገቡ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ አለባቸው፦ ከ1 እስከ 5 በሚለካ መልስ፣ የተሰጠው ቁጥር ከ6 ላይ ይቀነሳል። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ክሮንባክ አልፋ 0.7 ይጠበቅ የነበረው 0.3 ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ብዙው ሰው ግን ጥያቄ መሰረዝ ይጀምራል።

ለሙከራ ከናሙናው ውጭ ከሆነ መንደር 30 ያህል ሰው ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ «ይህ ሲባል ምን ገባዎት?» ማለት ከአልፋው የበለጠ ያስተምራል።

በቀን ብቻ የሚዞር ሰብሳቢ የሚያገኘው ጡረተኛና የቤት እመቤት ነው። ለአንድ ቤት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፣ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ከቤቱ ውስጥ ማን እንደሚጠየቅም በዕጣ ይለይ። «ልደቱ የቀረበው ሰው» የሚለው የፈረንጅ ዘዴ የተወለዱበትን ቀን የማያውቁ አዛውንት ባሉበት ቤት አይሠራም፤ አዋቂዎቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ጽፎ አንዱን ማውጣት ይቀላል።

ቃለ መጠይቅ ለሚጨምሩ፦ የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። 15 ቃለ መጠይቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይበላል። ኮድ መስጠቱ፣ ማለትም የተባለውን በየሐሳቡ መመደቡ፣ በአማርኛው ላይ ይሁን፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው ጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሰው ቃል ብቻ ነው፣ አማርኛውም በአባሪ ይያያዝ።