ሄሊኮፕተር አጠገብ መኪና የምትነዱ፣ ይህን አንብቡልኝ

ኤርፖርት ውስጥ መንዳት ስትጀምሩ ትምህርቱ ከሞላ ጎደል ስለ አውሮፕላን ነው። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይም ሊነሳ ነው። ከኋላው አትለፉ። መስመራችሁን ያዙ። ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያው) ሳይፈቅድላችሁ መንደርደሪያ ውስጥ እንዳትገቡ። ሁሉም ልክ ነው። በኖቬምበር 2022 ፔሩ፣ ሊማ ኤርፖርት ላይ የእሳት አደጋ መኪና መንደርደሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ለመነሳት እየተንደረደረ ከነበረ ኤርባስ ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት ሁሉ ሲተርፉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ችግሩ ሄሊኮፕተር ሲመጣ ነው። እኔ ባየሁት ሥልጠና ስለ ሄሊኮፕተር የሚነገረው "ራቁ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ምን ያህል? በየት በኩል? እስከ መቼ? አይነገርም። በአሜሪካም በዓረብ አገርም ራምፕ (አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ) ላይ ሻንጣ የሚጎትቱ፣ ነዳጅ የሚሞሉ፣ ሠራተኛ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ አገር ቤትም እንዲሁ። ስለዚህ በደንብ እንነጋገርበት።

መጀመሪያ አካሄዱ። አውሮፕላን መሬት ላይ እስካለ ድረስ በጎማው፣ የተቀባውን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ የት ጋ እንደሚዞር ከሩቅ መገመት ትችላላችሁ። ሄሊኮፕተር ላይ ይህ ግምት አይሠራም። እንደ ሚ-8 ያሉት ትልልቆቹ ጎማ ስላላቸው መሬት ለመሬት መሄድ ይችላሉ። እንደ ቤል 206 ያሉት ትንንሾቹ ግን ከሥራቸው ያለው ሁለት ረዣዥም ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ፈቀቅ ለማለት እንኳ ከመሬት ተነስተው እያንዣበቡ ነው የሚሄዱት። በአሜሪካ አሠራር መሬት ተጠግቶ እያንዣበቡ መሄድ ፍጥነቱ በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ነው። ራቅ ላለ ቦታ ደግሞ ከፍ ብለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሜትር ሳያልፉ፣ ሣሩንም አስፋልቱንም እያቋረጡ ይሄዳሉ። ያኔ አብራሪው በመኪናና በሰው አናት ላይ እንዳያልፍ ይጠበቅበታል። ግን አብራሪው መሸሽ የሚችለው ያየውን መኪና ነው። ከሃንጋር (ከአውሮፕላን መጠለያው) ጀርባ ድንገት ብቅ የምትለዋን ፒክአፕ በምን ያውቃል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ሄሊኮፕተር አየር ላይ የሚቆመው አየሩን ወደ ታች እየገፋ ነው፤ ያ አየር መሬት ሲመታ መሄጃ ያጣና በሁሉም አቅጣጫ ወደ ጎን ይወረወራል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች በሚያወጣው መመሪያ ላይ፣ ሄሊኮፕተር መሬት አጠገብ ሲያንዣብብ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ ይህ ነፋስ የሮተሩን (አናቱ ላይ የሚሽከረከሩትን ክንፎች) ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ርቀት እንደሚደርስ ተጽፏል። የሚ-8 ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ነው። በሦስት አባዙት። ከ60 ሜትር በላይ ነው! አገራችን ይህን ሄሊኮፕተር ለረጅም ዓመታት ተጠቅማበታለች፣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነፋስ ሰው አይገድልም የሚል ካለ የእንግሊዙን አደጋ ይስማ። ማርች 4 ቀን 2022 ፕሊመዝ ከተማ፣ ደሪፎርድ ሆስፒታል፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ኤስ-92 ሄሊኮፕተር በሽተኛ ይዞ እያረፈ ነበር። ማረፊያው አጠገብ የመኪና ማቆሚያ አለ። እዚያ የነበሩ ሰዎችን ነፋሱ ጣላቸው፤ አንዲት የ87 ዓመት እናት ሕይወታቸው አለፈ፣ ሌላ ሰውም ክፉኛ ተጎዳ። ሄሊኮፕተሩ ምንም አልነካቸውም። መርማሪዎቹ ካወጡት ሪፖርት የማልረሳው፣ ማረፊያው ሲሠራ በጊዜው የነበረውን መመሪያ ያሟላ እንደነበር፣ መመሪያው ራሱ ግን ስለዚህ ነፋስ በበቂ ሁኔታ እንዳላነሳ ነው። ቦታው ኤርፖርት ባይሆንም ነፋሱ ያው ነው፣ መኪና አቁሞ የሚወርደው ሰውም ያው ነው።

ራምፕ ላይ ደግሞ የሚበር ዕቃ ሞልቷል። ባዶ የሻንጣ ጋሪ፣ ያልታሰረ ሸራ፣ ፕላስቲክ፣ ኮን፣ የፒክአፕ ኋላ ላይ የተጣለ ካርቶን። ጋሪው ተንከባሎ ሄሊኮፕተሩን ወይም ሰው ሊመታ ይችላል፤ ሸራውና ፕላስቲኩ ደግሞ ከመሬት ተነስተው ተመልሰው ወደ ሮተሩ ሊሳቡ ይችላሉ፣ እሱ ነው አብራሪን የሚያስፈራው። አቧራማ ሜዳ ላይ ከሆነ ጭራሽ ሹፌሩም አብራሪውም አያዩም። እንዲህ ሲሆን "ቶሎ ልለፍ" ማለት የለም። ቁሙ፣ መስኮት ዝጉ፣ በር አትክፈቱ፣ ጋሪ የምትጎትቱ ከሆነ እንደተቀጠለ ይቆይ።

ጅራቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሄሊኮፕተር እያንዣበበ ባለበት ሲዞር አፍንጫው ትንሽ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፣ ከኋላ ግን ጅራቱ ሰፊ ቦታ ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ አብራሪው ደግሞ ጀርባውን አያይም። የጅራቱ ሮተር በጣም ስለሚፈጥን ለዓይን የሌለ ያህል ነው። ስለዚህ ከኋላ ማቆም፣ በኋላ በኩል ማቋረጥ፣ ሄሊኮፕተሩ መሬት ላይ ቢሆንም እንኳ ሮተሩ እስካልቆመ ድረስ አይሆንም።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አትቸኩሉ። ሮተሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ በተለይ ነፋስ ካለ፣ ክንፎቹ ሙሉ ፍጥነት ላይ ከነበሩበት በጣም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። ፒክአፓችሁ ላይ አንቴና ወይም መሰላል ካለ አስቡት። እኔ በበኩሌ አንድም መኪና በሮተር ሥር መግባት የለበትም ባይ ነኝ፣ የቆመም ቢሆን።

የነዳጅ ቦቴ የምትነዱት ለብቻ ነው የምነግራችሁ። አብራሪው በሚያያችሁ በኩል ቅረቡ፣ ከሮተሩ ክብ ውጪ ቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ ወደ ሄሊኮፕተሩ በሪቨርስ አትጠጉ። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሆዙም (የነዳጅ ቱቦው) የኤርዝ ገመዱም (የኤሌክትሪክ ብልጭታ መከላከያው) መነቀሉን ዞራችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሄሊኮፕተር ሊነሳ ሲል አንዱ እግሩ በገመድ ከተያዘ፣ በተያዘው እግር ላይ ተሽከርክሮ በጎኑ ይገለበጣል፤ ይህ በሰከንዶች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ዘንበል ማለቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ አብራሪው ማዳን አይችልም።

አለቆች ደግሞ ይህን አድርጉልን። ለሹፌር በሚሰጠው ካርታ ላይ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበትና የሚመላለስበት ቦታ ይሳል፣ የሚመጡት ሄሊኮፕተሮች ሮተር ስፋትና ሦስት እጥፉ በሜትር ይጻፍ፣ ሹፌሩ የሚቆምበት መስመርም መሬቱ ላይ ይቀባ። ትልቅ ሄሊኮፕተር መምጣት ሲጀምር መስመሩ እንደገና ይለካ።